“ፖለቲካ ክልክል ነው” ብሎ ፒን ማድረግ ብቻውን አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ፎቶ አንሺዎች፣ ተራራ ወጪዎች፣ መኪና ወዳዶች፣ ቼዝ ተጫዋቾችና የጓሮ አትክልት አልሚዎች በቴሌግራም በከፈቷቸው የአማርኛ ግሩፖች ውስጥ አንድ የማያልቅ ክርክር አለ። ፖለቲካ ጨርሶ ይከልከል? ወይስ የራሱ ክፍል ተሰጥቶት እዚያው ይቀጥል? አብዛኛው አድሚን ለዚህ የሚሰጠው መልስ አንድ መስመር ነው፤ “ፖለቲካ፣ ሃይማኖትና ዘር ክልክል ነው” ብሎ ይጽፍና ፒን ያደርጋል። አገር ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር በተፈጠረ ቀን ግን ፒኑን የሚያስታውስ የለም፤ አድሚኑን ጨምሮ።

የዚህ ደብዳቤ አቋም እንዲህ ነው። የፖለቲካ ክርክር ከትርፍ ጊዜ ግሩፕ መውጣት አለበት። የሚወጣው ግን እዚያው ግሩፕ ውስጥ ወዳለ ሌላ ክፍል ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ ነው። ደግሞም የሚከለከለው ርዕስ ሳይሆን ድርጊት መሆን አለበት። ሁለተኛው ካልተስተካከለ የመጀመሪያው ስለማይሠራ ከሁለተኛው ልጀምር።

ርዕስ መከልከል ለምን እንደማያዋጣ ለማየት የፎቶ ግሩፕን መውሰድ ይበቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው 1 ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሌንስ ለመግዛት ገንዘብ ሲያጠራቅም ለነበረ ሰው በዚያ ሰሞን ከዚህ የበለጠ የፎቶግራፍ ወሬ አልነበረም። ድሮን ከውጭ ለማስገባት የኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር) ፈቃድ ይጠየቃል፤ ይህን ሳያውቅ ከዱባይ ይዞ የመጣ ሰው ቦሌ ሲደርስ ሊያዝበት ይችላል። ይህን አስቀድሞ ለአባላቱ ያልነገረ የፎቶ ግሩፕ ምን ይረባል? የመኪና ግሩፖችም እንደዚሁ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለከል፣ ስለ መለዋወጫም ሆነ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የሚደረገው ጨዋታ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የመንግሥት ውሳኔ ላይ ያርፍ ጀመር። “ፖለቲካ ክልክል ነው” የሚለውን ቃል በቃል የሚያስፈጽም አድሚን እነዚህን ሁሉ መሰረዝ አለበት። አይሰርዛቸውም፤ መሰረዝም የለበትም። ዛሬ እነዚህን ስላለፈ ግን ነገ የሚሰርዘው ሁሉ አድልዎ ይመስላል፤ “የእኔን ሰርዘህ የሱን ለምን ተውክ?” ለሚለው ጥያቄም መልስ ያጣል።

የሚሻለው፣ የሚፈቀደውን መናገር ነው። በዚህ ረገድ ከማንም ቀድመው መንገዱን ያገኙት አማተር ሬዲዮኞች፣ ማለትም በራሳቸው የሬዲዮ ጣቢያ ለትርፍ ጊዜ የሚነጋገሩ ሰዎች፣ ናቸው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሬዲዮ ደንብ አንቀጽ 25፣ በተለያዩ አገሮች ባሉ አማተር ጣቢያዎች መካከል የሚደረግ ንግግር ለአማተር አገልግሎቱ ዓላማ አስፈላጊ በሆነ ጉዳይና በግል ጨዋታ ብቻ የተወሰነ ይሁን ይላል። ፖለቲካ የሚል ቃል ማንሳት እንኳ አላስፈለገውም። የአሜሪካና የሶቪየት አማተሮች በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል ስለ ምልክት ጥራት፣ ስለ አንቴናና ስለ አየር ሁኔታ ሲያወሩ፣ የግንኙነት ማረጋገጫ ካርዳቸውንም በሞስኮ ፖስታ ሣጥን ቁጥር 88 በኩል ሲላላኩ የኖሩት በዚህ ልማድ ነው። አዲስ አበባ 5 ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ ዛሬም በዚሁ ደንብ ይሠራል።

ለፎቶ ግሩፕ የሚስማማው ፈተና እንግዲህ ይህ ነው፤ መልእክቱ አንድ አባል ነገ ካሜራውን ይዞ ሲወጣ የሚያደርገውን ነገር ይለውጣል ወይ? የሚለውጥ ከሆነ ይቆይ። የቀረጥ መጠን፣ የፈቃድ ማመልከቻ የሚገባበት ቢሮ፣ ማንሳት የተከለከለበት ሕንፃ፣ የተዘጋ መንገድ፤ ሁሉም ይቆያሉ። የሚወጣው ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው፣ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ነው። “የሌንስ ቀረጥ ጨምሯል፤ ደረሰኙ ይኸው” ይቆያል። “የሌንስ ቀረጥ ጨምሯል፤ እነ እገሌ አገሩን እየበሉት ነው” ግን ይነሳል። አድሚን የሌላ ሰው መልእክት ማረም ስለማይችል ግማሹን ቆርጦ ማስቀረት አይቻልም፤ ስለዚህ ሙሉ መልእክቱ ይሰረዝና ጸሐፊው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ እንደገና እንዲልክ በግል ይጠየቃል። ብዙ ሰው ሳያንገራግር ይልካል። እንቢ ያለው ቀድሞም ለሌንሱ ብሎ አልጻፈም።

የመንገድ ደኅንነት ጥያቄ ለብቻው ደንብ ይፈልጋል። የእግር ጉዞ ግሩፕ ውስጥ “ቅዳሜ ወደ ወንጪ መሄድ ይቻላል?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ፖለቲካ አላነሳም፤ የሚመለስለት ግን ስለ ኬላና ስለ ታጣቂ ሊሆን ይችላል። ጥያቄውን ማገድ ሰው አደጋ ላይ ይጥላል፤ ልቅ መተውም ወሬ ያራባል። የሚያዋጣው አራት ነገር ብቻ የያዘ መልስ ነው፤ ቦታው፣ ቀንና ሰዓቱ፣ መንገዱ ክፍት ነው ወይስ ዝግ፣ ተናጋሪው በዓይኑ አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ። ማን ዘጋው፣ ለምን ዘጋው አይጻፍም። “ሰማሁ” የሚል መልስ ሲመጣ አድሚኑ ከሥሩ “ያልተረጋገጠ” ብሎ ይጽፋል። 24 ሰዓት ሲሞላው ደግሞ መልሱ ይሰረዛል። ብዙ አድሚን ይህችን የመጨረሻዋን ይዘላታል፤ ሐሙስ የተጻፈ “ክፍት ነው” ቅዳሜ ንጋት ላይ መኪና ውስጥ ሆኖ ለሚያነበው ሰው ጭራሽ ካልተጻፈ የባሰ ነው።

በፎቶ ላይ የሚነሳው ጠብ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከፎቶው ሳይሆን ከሥሩ ከተጻፈው ነው። በጥምቀት፣ በመስቀል፣ በኢሬቻና በዓድዋ በዓል አደባባይ ወጥቶ ሰንደቅ ዓላማ የሌለበት ፎቶ ማንሳት ይቸግራል። ኮከብ ያለው፣ ኮከብ የሌለው፣ የክልል፣ የድርጅት ሊሆን ይችላል። ሰንደቅ እየለየ ፎቶ የሚሰርዝ አድሚን የሚያስተዳድረው ሰው አጥቶ ይቀራል። ይልቅ የመግለጫውን ቅርጽ መወሰን ይበጃል፤ ቦታ፣ ቀን፣ ሌንስ፣ የመዝጊያ ፍጥነት፣ አፐርቸር፣ አይኤስኦ። “ጃን ሜዳ፣ ጥር 11፣ 85 ሚሊ ሜትር፣ 1/500፣ ኤፍ 2.8፣ አይኤስኦ 400” ከተባለ በኋላ የሚጨመር ነገር የለም። አስተያየት ሰጪም ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ፍሬሙና ስለ ፎከሱ ይናገር። “ይህ ባንዲራ እዚህ ምን ይሠራል?” የሚል አስተያየት ከፈተናው አያልፍም፤ ማንም ነገ የሚያነሳውን ፎቶ አያሻሽልምና።

የቦታ ስም ነገር ደግሞ አንድ ደንብ ብቻ ይበቃዋል፤ ሌላው የጻፈውን የቦታ ስም ማረም ክልክል ነው። አንዱ ናዝሬት ይላል፣ ሌላው አዳማ፤ አንዱ ደብረ ዘይት፣ ሌላው ቢሾፍቱ። አንሺው የጻፈው ይቆያል፣ የአራሚው ይሰረዛል፣ በቃ። ትንሽ ደንብ ትመስላለች፤ ግን አድሚኑን የታሪክ ዳኛ ከመሆን ስለምታድነው ከሌሎቹ ይልቅ እሷን አጥብቆ መያዝ ይሻላል። የፕሮፋይል ፎቶና ስም ግን አይነካ፤ እዚያ የገባ አድሚን መውጫ የለውም። ስቲከርና ጂፍ በግሩፑ የፈቃድ ዝርዝር ውስጥ ለብቻቸው ስለሚዘጉ፣ ፎቶ እንደተፈቀደ እነሱን መዝጋት ይቻላል።

አሁን ወደ ቴክኒኩ። ወደ ትርፍ ጊዜ ግሩፕ የሚገባው ፖለቲካ አብዛኛው አባላት የጻፉት አይደለም፤ ከቻናል ፎርዋርድ የተደረገ ነው። ሰው ቁጣውን በራሱ ቃል ሲጽፍ ጊዜ ይወስድበታል፤ እየጻፈም ይበርድለታል። ፎርዋርድ ግን ሁለት ጊዜ መንካት ብቻ ነው፤ ከነቻናሉ ስም፣ ከነመግቢያው ይመጣል፤ ግሩፑም ሳያውቀው የቻናሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ይሆናል። የቴሌግራም የራሱ የፈቃድ ዝርዝር ከውጭ የሚመጣ ፎርዋርድን የሚያግድ ቁልፍ የለውም። ይዘት እንዳይቀዳና ወደ ሌላ እንዳይተላለፍ የሚያደርገው ቁልፍ የሚሠራው ከግሩፑ ወደ ውጭ በሚወጣው ላይ ነው፤ ሁለቱን የሚያምታቱ አድሚኖች ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ቦት፣ ማለትም መልእክቶችን በራሱ የሚቆጣጠር ፕሮግራም፣ ያስፈልጋል። ሮዝ የተባለው ቦት “ሎክ” በሚለው ትእዛዙ ከቻናል የመጣውን ፎርዋርድ ብቻ ለይቶ ማገድ ይችላል፤ ከሰው የመጣው ያልፋል። ቦቱ አድሚን መደረግና መልእክት የመሰረዝ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ፈቃዱ ካልተሰጠው ምንም ሳያደርግ ይቀመጣል፤ አድሚኑም ሥራው አልቋል ብሎ ይተኛል። ሌላም ጉድለት አለ፤ የአድሚኖችን መልእክት ቦቱ አይነካም። ደንቡን መጀመሪያ የሚያፈርሰውም ብዙ ጊዜ አድሚን የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ስክሪንሾት ሆኖ የሚመጣውንም ቦቱ አይለየውም፤ ያ ለሰው ዓይን የሚተው ነው።

በቃላት ዝርዝር ማጣራት ግን ለአማርኛ ብዙም አይሆንም። “ፀሐይ” የሚለውን ቃል ብቻ ብንወስድ፣ የመጀመሪያው ፊደል በፀም በጸም ይጻፋል፤ ሁለተኛው በሐ፣ በሀ፣ በሃ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ ሊጻፍ ይችላል። ለአንድ ቃል 12 አጻጻፍ ማለት ነው፤ ቦቱ ደግሞ እያንዳንዱን እንደ ሌላ ቃል ያየዋል። በዚያ ላይ አማርኛ ከፊትም ከኋላም ይቀጥላል፤ “ፖለቲካ” የሚለውን ያገደ ማጣሪያ “በፖለቲካው”ን እና “ፖለቲካችን”ን ላያውቃቸው ይችላል። ቃሉን በከፊልም እንዲይዝ ከተደረገ ደግሞ “እባካችሁ ፖለቲካ እንተው” ያለውን ሰላማዊ ሰው ቀድሞ ይሰርዘዋል። በላቲን ፊደል የሚጻፈውን አማርኛ ማንም ዘርዝሮ አይጨርሰውም። ማጣሪያው ለአንድ ነገር ብቻ ይጠቅማል፤ ለብሔር ስድቦች። እነሱ ጥቂት ናቸው፣ በየጊዜውም አይለዋወጡም፣ በትርፍ ጊዜ ግሩፕ ውስጥም በጎ አገልግሎት የላቸውም። የየአንዳንዳቸውን አጻጻፍ ሁሉ በእጅ ማስገባት ሰዓታት ቢወስድም ያዋጣል።

እዚያው ግሩፕ ውስጥ “ልዩ ልዩ” ወይም “ነፃ ውይይት” የሚል ቶፒክ እንክፈት የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ከ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ቴሌግራም ግሩፕን በቶፒክ መከፋፈል ስለፈቀደ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ችግሩ የአባል ፈቃድ በግሩፕ እንጂ በቶፒክ አለመለየቱ ነው። “ነፃ ውይይት” ውስጥ የተሳደበን ሰው ሚውት ያደረገ (እንዳይጽፍ ያገደ) አድሚን፣ ፎቶ መለጠፉንና ስለ ትራይፖድ መጠየቁንም አብሮ ከልክሎታል። ከዚህ የተለየ ምርጫ ቢኖር ቶፒኩን ለሁሉም መዝጋት ነው። ቶፒኮች ደግሞ ፒን ካልተደረጉ በቀር ዝርዝሩ ላይ የሚሰለፉት በመጨረሻው መልእክት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ በጭቅጭቅ የሚነድደው ክፍል ሁልጊዜ ከላይ ይቀመጣል፤ አዲስ የገባ አባልም ከፎቶው በፊት ጠቡን ያያል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። “ነፃ ውይይት” ውስጥ የተሰደበ ሰው ማምሻውን “የፎቶ ግምገማ” ውስጥ ገብቶ የሰዳቢውን ሥራ “ፎከስ የለውም” ይለዋል። ከዚያ ወዲያ የትኛው አስተያየት የፎቶ፣ የትኛው የበቀል እንደሆነ ማንም አይለይም፤ ግምገማው ራሱ ዋጋ ያጣል። መወያየት የሚፈልጉ አባላት ሌላ ግሩፕ ይክፈቱ፤ ስሙ የፎቶ ግሩፑን ስም አይያዝ፣ አድሚኖቹ ሌሎች ይሁኑ፣ መግቢያው እዚህ ፒን አይደረግ።

ወደ ውጭ ይውጣ የምልበት ዋናው ምክንያት ግን የአባላቱ አደጋ እኩል አለመሆኑ ነው። አንድ የአማርኛ የፎቶ ግሩፕ ውስጥ ከሐዋሳ፣ ከዋሽንግተን፣ ከሪያድ፣ ከቴል አቪቭና ከፍራንክፈርት የመጡ ሰዎች ይገኛሉ። በዋሽንግተን ያለው የፈለገውን ተናግሮ ይተኛል፤ አገር ውስጥ ያለው እዚያው ክር ላይ አንድ “ልክ ነህ” በመጻፉ ምን ሊመጣበት እንደሚችል ያሰላል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ የጥላቻ ንግግር ያሰራጨ ሰው እስከ 2 ዓመት ሊታሰር ወይም እስከ 100,000 ብር ሊቀጣ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት ከተሰራጨ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስራት ይደርሳል። እንዲህ ያለውን መልእክት ፒን ያደረገና ከግሩፑ ጋር በተያያዘ ቻናል ላይ መልሶ የለጠፈ አድሚን “እኔ አልጻፍኩትም” ማለቱ እንደማያድነው አውቆ መግባት አለበት። 100 እና ከዚያ በላይ አባል ያለው ግሩፕ የአባላቱን ዝርዝር መደበቅ ስለሚችል፣ ይህን ቁልፍ ዛሬውኑ ማብራት ይገባል። አባላትም ስልክ ቁጥራቸውን ከማያውቁት ሰው እንዲደብቁ ይነገራቸው።

የሰዓት ልዩነቱም ተራ ነገር አይደለም። ዋሽንግተን ላይ ሰው ከሥራ ገብቶ ስልኩን የሚያነሳበት ከምሽቱ 12 እስከ እኩለ ሌሊት ያለው ጊዜ፣ በክረምቱ ወራት አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 7 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ደግሞ አንድ ሰዓት ይገፋል። ሁሉም አድሚኖች አዲስ አበባ ከሆኑ ግሩፑ በየሌሊቱ ለስድስት ሰዓት ጠባቂ የለውም። ቢያንስ አንድ አድሚን ሰሜን አሜሪካ ይኑር፤ ካልተገኘ “ግሩፕ ሄልፕ” በሚባለው ቦት የሌሊት መዝጊያ ማብራት ይቻላል። አውሮፓና ባሕረ ሰላጤው ከእኛ ሰዓት ብዙም ስለማይርቁ ይህን ክፍተት አይሞሉም።

ራቬልሪ የተባለው የሹራብና የዳንቴል ሠሪዎች ድረ ገጽ ሌላ መንገድ መርጧል። እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 2019 ለፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕና ለአስተዳደራቸው የሚሰጥ ግልጽ ድጋፍን፣ በሹራብ ንድፍና በፕሮፋይል ላይ የሚታየውን ጨምሮ፣ ከለከለ። ደንቡን የወሰደው ከወራት በፊት ተመሳሳይ እርምጃ ከወሰደ የሚና ጨዋታ ወዳዶች ድረ ገጽ ነበር። ይህ ፖለቲካን መከልከል አይደለም፤ ጎን መምረጥ ነው። ባለቤቶቹ በግልጽ ስለተናገሩት ቢያንስ ሐቀኛ ነው፤ ያልተስማማውም ምን እንደሚጠብቀው አውቆ ወጥቷል። እኛ ዘንድ ቢሞከር ግን የሚታገደው ዝርዝር በሁለት ሳምንት ውስጥ የብሔር ዝርዝር ይሆናል፤ አንዱ የፎቶ ግሩፕም ስድስት ይሆናል።

ከተቃራኒው ወገን የሚነሳው ጠንካራ ክርክር ደግሞ ዝምታም ወገንተኝነት ነው የሚለው ነው። በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ትግራይ ውስጥ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በዚያ የነበሩ አባላት ከሁለት ዓመት በላይ ከየግሩፑ ጠፉ። ከሐምሌ 2015 ማብቂያ ወዲህም አማራ ክልል ውስጥ ያሉት ለረጅም ጊዜ የሞባይል ዳታ አጡ። እንዲህ ያለ አባል ተመልሶ “የት ጠፍተህ ነው?” ሲባል ምን ይበል? “ኔትወርክ አልነበረም፣ ካሜራዬም ተዘርፏል” ማለቱን ፖለቲካ ብሎ መሰረዝ ግፍ ነው። ሰው በራሱ ላይ የደረሰውን በመጀመሪያ መደብ ሲናገር አይሰረዝም፤ “እኔ” እና “ቤተሰቤ” እስካለ ድረስ ይቆያል። “እነሱ” ወደሚለው ሲሻገር፣ ወይም ሌላው መጥቶ “አልሆነም” ሲለው፣ ያኔ አድሚን ይገባል። “አልሆነም” ያለው ቀድሞ ይሰረዝ።

ለቅሶም እንዲሁ ነው። የአባል ወንድም ሲሞት “ነፍስ ይማር” ይባላል፤ እድር ሬሳ ሲያነሳ ሟቹ የማን ደጋፊ ነበር ብሎ እንደማይጠይቅ ሁሉ፣ እዚህም በማን እጅ እንደሞተ አይጻፍም። ቤተሰቡ ራሱ ከጻፈው ግን አይነካም፤ የተጻፈው ቢጎረብጥ እንኳ ለአንድ ቀን ዝም ማለት ይቻላል። የግሩፑ ስም ተይዞ ስለ አደባባይ ጉዳይ የሚወጣ የሐዘንም ሆነ የደስታ መግለጫ ግን ጭራሽ አይኑር። ለአንዱ ክስተት የወጣ መግለጫ ለቀጣዩ ለምን እንዳልወጣ ይቆጠራል፤ ቆጠራውም ማብቂያ የለውም።

ስለ አፈጻጸሙ ጥቂት ልበል። ጠብ ሲነሳ ግሩፑን ሙሉ በሙሉ መዝጋት አይመከርም፤ የታፈነው ሁሉ በግል መልእክት ይቀጥላል፣ ተከፋፍሎም ይወጣል። ስሎው ሞድን፣ ማለትም አንድ አባል ከአንድ መልእክት እስከ ቀጣዩ የሚጠብቅበትን ጊዜ፣ 5 ወይም 15 ደቂቃ ላይ ማድረግ ይሻላል፤ ፎቶ የሚለጥፍ ሰው አይቸገርም፣ የሚጨቃጨቀው ግን ይሰለቻል። ስትሰርዙ የመጀመሪያውን መልእክትና የተሰጡትን መልሶች በሙሉ፣ የሁለቱንም ወገን፣ በአንድ ጊዜ ሰርዙ። የመጨረሻው ቃል የማን ሆኖ እንደቀረ ሰው ልብ ይላል። በጠቡ ውስጥ አንዲት ቃል የጻፈ አድሚን በዚያ ጉዳይ አይሰርዝም፣ አያግድም፤ ሌላውን ይጥራ። ለመጀመሪያ ጥፋት በግል ማሳሰብ፣ ለሁለተኛው የ24 ሰዓት ሚውት፣ ለሦስተኛው የ7 ቀን፣ ለአራተኛው ስንብት። የብሔር ስድብ ግን በቀጥታ አራተኛው ላይ ይጀምራል። ቴሌግራም የአድሚኖችን ሥራ የሚመዘግበው ለ48 ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ የተሰረዘውን መልእክት ስክሪንሾት አድርጎ በአድሚኖች የግል ግሩፕ ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከወር በኋላ “ያለ ጥፋቴ ታገድኩ” ለሚል ሰው የሚቀርብ ሌላ ማስረጃ የለም።

ደንቡን ለመጀመር ጸጥ ያለ ሳምንት ይመረጥ። በግርግር መሃል የወጣ ደንብ ያን ሰሞን የተናደደውን ወገን ዝም ለማሰኘት የወጣ ይመስላል። ከመጽናቱ ከአንድ ሳምንት በፊት ይነገር፤ ከሚጸናበት ቀን በፊት ለተጻፈም ማንም አይቀጣ። የቆዩት ጠቦች ግን እዚያው ቢቀመጡ አዲስ የገባ አባል የሁለት ዓመት መልእክት ላይ መልስ ሰጥቶ ይቀሰቅሳቸዋል። የግል ግሩፕ ከሆነ የቀድሞው ታሪክ ለአዲስ አባላት እንዳይታይ የሚያደርግ ቁልፍ አለ። ይፋዊ መግቢያ ያለው ግሩፕ ይህ ቁልፍ የለውም፤ እዚያ አድሚኖች ወር በወር ተከፋፍለው፣ በፍለጋ እያወጡ፣ በእጅ መሰረዝ ይኖርባቸዋል።

ከአንድ የግሩፕ አስተዳዳሪ
አዲስ አበባ